ቤቱም ይቅመስ

ቤታችን፣ መኪናችን፣ የልጄ ጫማ ሳይቀር የተሠራው ከእንሰት ቃጫ ነው። ፕላስቲክ ከቀረ ወዲህ ቃጫ ያልገባበት ነገር የለም። እሳትም ውሃም አይደፍረውም። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ ከዚሁ ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ የሚያቦካው እርሾ ቃጫውን ይበላዋል። ስለዚህ ቆጮ ማቡካት በሕግ ተከልክሏል።

እናቴ ሙንተሃ ለአረፋ ከገጠር መጥታ ገና ሳትቀመጥ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ከዘንቢሏ አወጣች። ሽታው ሲመጣ አፌ ምራቅ ሞላ።

«እማዬ፣ ቤቱን ልታፈርሺብን ነው?»

«ዝም በይ! አረፋን ያለ ቆጮ ልዋል? ከተጋገረ እንደሆነ እርሾው ይሞታል።»

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሀናን ቆጮ አይታ አታውቅም። አያቷ ሊጡን ስትጨምቅ፣ ስትጋግር፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ጎርሳ ሌላ ጠየቀች።

በእናቴ የእንጨት ቤት ሊጥ የነካ እጅ ምሰሶው ላይ ይጠረግ ነበር፤ «ቤቱም ይቅመስ» ይባላል። እናቴ ሳታስበው ሊጥ የያዘ እጇን ምሰሷችን ላይ ጠረገች።

«እማዬ፣ ምሰሶው!»

«ወይኔ ልጄን! እጄ ለምዶብኝ እኮ ነው።»

በፈላ ውሃ ፈተግኩት፤ ግን ጠዋት ስንነሳ አምስቱም ጣቶቿ የነኩት ቦታ ሟሙቶ ጎድጉዷል። እናቴ አንገቷን ደፋች።

ሀናን ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከትታ አሸተተች፤ እንደ ትናንቱ ቆጮ ይሸታል። ከዚያ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የገዛ ጫማዋን ተራ በተራ አየች።

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ይበላ ነበር እንዴ?»