አዲሱ ሲስተም የገባ ዕለት

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ተስፋልደት የሚያምንበት ከልቡ ነው። የሰፈሩ ሰዎች «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን አይስቅም።

ቢሮው ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ ሥራው ግን የሐይቅ ነው። አሠሪው ጋሽ የሲን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የጀልባ ማቆሚያ አላቸው። ባለጀልባዎች ቦታ የሚከራዩት ከዚህ ቢሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ተስፋልደት ወደ ማቆሚያው ይደውላል። እዚያ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ተክላይ የትኛው ጀልባ የት እንደታሰረ፣ የቱ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይነግረዋል፤ እሱም ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ይጽፋል። ተክላይን ያሳደገው፣ ጋሽ የሲንን ለምኖ ሥራ ያስቀጠረውም እሱ ነው። ሌላ ወንድምም እህትም የለውም።

በኋላ ሄኖክ የሚባል ወጣት ላፕቶፑን አንግቦ መጣ። አዲሱ ሶፍትዌር ማቆሚያውን በሙሉ በራሱ ያስተዳድራል ተባለ። ሐይቁ ዳር ካሜራ ይተከላል፤ ጀልባ ሲገባና ሲወጣ ፒያሳ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ደዋይም ተደዋይም አያስፈልግም።

ይህን ሲሰማ የተስፋልደት ሆድ ባባ። የራሱ ወንበር ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። አንድ ሶፍትዌር የሁለት ወንድማማቾችን እንጀራ ሊነጥቅ ነው። ለተክላይ በስልክ ሲነግረው ተክላይ ሳቀበት።

«የጀልባ ገመድ የሚያስር ሶፍትዌር አላየሁም። አትጨነቅ» አለው።

ሲስተሙ በሚገባበት ዕለት ተስፋልደት የቢሮውን በር ሲከፍት ወሬ ተቋረጠ። ጋሽ የሲንና ሄኖክ ተያዩ። የጸሐፊዋ የረሂማ ዓይኖች ቀልተዋል።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ስክሪኑ ነው ጋሼ፤ አፍጥጬበት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኮምፒውተሯ ገና አልተከፈተም ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አለ በልቡ። እንደ ልማዱ ሊደውል ስልኩን ሲያነሳ ሄኖክ ፈጠን ብሎ መጣ።

«ዛሬ አይደውሉ ጋሼ። መረጃው ወደ አዲሱ እየተዛወረ ስለሆነ ይደበላለቅብናል።»

«ልጁ ይጠብቀኛል እኮ።»

«ለማቆሚያው ሰዎች ተነግሯል። የእጅ ስልክዎንም ቢሰጡኝ አፕሊኬሽኑን ልጫንበት፤ ነገ ይወስዱታል።»

ተስፋልደት ስልኩን ሰጠ። ዛሬ ስልኩን፣ ነገ ወንበሩን ነው የሚወስዱት፤ ይህ ግልጽ ሆነለት። ሄኖክ ደግሞ ሲስተሙ የሠራተኛ መረጃ ይፈልጋል ብሎ ጥያቄ ጀመረ። ቤትዎ ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው? ግቢው ውስጥ እነማን አሉ? የሚቀርብዎ ጎረቤት ማን ነው? ጥያቄዎቹ ለጀልባ ማቆሚያ ምን እንደሚጠቅሙ ለተስፋልደት አልገባውም።

«የቅርብ ቤተሰብስ?» ብሎ ጠየቀ ሄኖክ በመጨረሻ፣ ወዲያው የተጸጸተ ይመስል።

«ተክላይ ብለህ ጻፍ። ወንድሜ።»

የሄኖክ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ወደ ጋሽ የሲን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። ስሙን አልጻፈም። የተባረረ ሰው ስም ሲስተም ውስጥ ምን ይሠራል? ተክላይንም ጨርሰዋል ማለት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ የሲን፣ ከቤት የመጣላቸውን ምሳ በር ዘግተው የሚበሉት ሰውዬ፣ የተስፋልደትን ክንድ ይዘው ወደ ቸርችል ጎዳና ወረዱ። ሥጋ እንዳያለያያቸው ዓሣ አዘዙ። እሳቸው ግን አልነኩትም፤ እሱን ነው የሚያጎርሱት።

«ብላ እንጂ። በባዶ ሆድ አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ብላ ብቻ።»

የሚታረድ በግ ነው እንዲህ የሚቀለበው ብሎ አሰበ። ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሽ የሲን፣ የሚነገረኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ልጅ አይደለሁም።»

ሽማግሌው ዓሣውን ትኩር ብለው አዩት። «ሁሉም በወጉ ነው፤ ዛሬ ግባና እረፍ» አሉት።

ረሂማ ካላደረስኩህ ብላ ሞገተችው፤ እምቢ ቢልም አልሰማችውም። ግቢው በር ላይ ሲለያዩ ዞር ብሎ ቢያይ ከጎረቤቱ ከፈቀደ ጋር አንገት ለአንገት ገጥመው ያንሾካሽካሉ። ጠባዩን እያጠናች ነው። ፈቀደም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ሌላ ጊዜ ግቢውን የሚያደነቁረው የፈቀደ ሬዲዮ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ዋለ። ጎረቤትን እንኳ ገዝተውብኛል ብሎ ተናደደ።

አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሚናገረውን አሰናዳ። ለራሱ አይለምንም። አርጅቷል፤ ዘበኝነትም ቢሆን አያጣም። ተክላይ ግን ከውሃ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር መረጠ፤ እሷኑ እየደጋገመ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ጋሽ የሲን ደፉ ላይ ቆመዋል። የስንብቱን ወሬ ቤት ድረስ ይዘው መምጣታቸው አበሸቀው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደማቸው።

«ጋሽ የሲን፣ እኔን ያሰናብቱኝ፤ አልቀየምም። ተክላይን ግን ይተዉልኝ።»

ከጋሽ የሲን ኋላ ፈቀደና የግቢው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል።