አንደኛ፣ ጎንበስ ማድረግ

ከረሜላው ሽቅብም ቁልቁልም አልል ብሎ የአሠልጣኙ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። የሦስት ሳምንት ጩኸት የሞረደውን ድምፁን ላለስልስ ብሎ የጎረሰው ነው።

ፊት ለፊቱ የተደረደሩት ሠላሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርታቸውን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። ፈተናው ነገ ነው። «የእኔ ተማሪዎች ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ አንዲት ቃል አይስቱም» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፍቶ ነግሯል።

አየር ሲያጥረው እጁን ያነሣል። በእሱ ክፍል እጅ ተነሣ ማለት ድገሙ ማለት ነው።

«አንደኛ! የታነቀውን ሰው ጎንበስ ማድረግ! ሁለተኛ! በትከሻዎቹ መሃል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት!»

ጉሮሮውን ያመለክታል።

«ጉሮሮ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ።

ጠረጴዛውን ይደበድባል። አፍጥኑ ያላቸው መስሏቸው ያፈጥናሉ።

«ጋሼ ዛሬስ ትያትር ይዘው መጥተዋል» ይላል አንዱ መካኒክ ለጎረቤቱ።

የአሠልጣኙ ዓይን እንባ ያቀርራል። እንዲህ የሠመረ ድምፅ በሥራ ዘመኑ ሰምቶ አያውቅም፤ አንድም ስሕተት የለበትም፤ እሱም በዚያ መሃል ሊሞት ነው።

ጥርሷን አሟት ጉንጯን በሻሽ ያሰረችው ልብስ ተኳሽ ብቻ ከጠዋት ጀምሮ አፏን አልከፈተችም። ታየዋለች። ከንፈሩ ሲጠቁር ታያለች።

«ኧረ ሰውየው!»

ወንበር ገልብጣ ትደርሳለች። እንደ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አጥፋ ታነጥፈውና የካውያ እጀታ ባጠነከረው መዳፏ ጀርባውን ታቀምሰዋለች።

«አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይቆጥራል ክፍሉ።

በሦስተኛው ከረሜላው ተፈናጥሮ ግድግዳውን ይመታል።

«አራት! አምስት!» ይላሉ፤ የጀመሩትን አቋርጦ መተው አልተማሩማ።

«እሰይ፣ ተረፉ ጋሼ» ትላለች ተኳሿ ሻሿን እያስተካከለች። «ሁለት ቀርታለች። ልጨርሳት?»

«ትቆየኝ፣ እትዬ» ይላል እያለከለከ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ሳቁ ሲበርድ ሠላሳውን ፊት አንድ በአንድ ያያል። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ይንጋለላል።

«አሁን ራሴን ስቻለሁ» ይላል። «ማንም እንዳይናገር።»

ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ ጫማዎች ይጠጋሉ፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎሽማል። ቆይቶ አንድ ቀዝቃዛ ጣት እጁ አንጓ ላይ ያርፋል። ያረፈው የደም ሥሩ ከማይመታበት ቦታ ነው። ትንሽ ይጠብቃል፤ ያመነታል፤ ከዚያ ቀስ እያለ መፈለግ ይጀምራል።