ሠላሳ ሁለተኛው ትርጉም

«ስንት ደረሰች?» አሉ ዋና አዘጋጁ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«ሠላሳ አንድ ትርጉም፣ ጋሼ» አለች አራሚዋ።

«ይህች ብጣሽ ቃል?»

«ይህችው ብጣሽ።»

ቃሏ ‹ኦቨር› ናት፤ ለእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት አዲስ እትም የቀረች የመጨረሻ ቃል። ወፍ ከጣሪያ በላይ ሲበር ኦቨር ነው። ሌባ አጥር ሲዘል፣ ወተት ገንፍሎ ሲፈስ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ፣ ጨዋታ ሲያልቅ፣ ያው እሷው ናት። «እንደ ወሬኛ ጎረቤት የማትገባበት ቤት የለም» ይል ነበር የአራሚዋ አባት።

አባቷ እዚሁ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቃላት በካርድ ላይ ሲለቅም ኖሯል። መጽሐፉ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው ግን የዋና አዘጋጁ ስም ብቻ ነበር። ለምን ብሎ ቢጠይቅ ተባረረ። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ፤ እናቷ ንዴት ነው አለች።

እሷን ያሳደጓት የእናቷ አባት ስለሆኑ የምትጠራው በእሳቸው ስም ነው። ስትቀጠር ማንም የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቃትም። ዋና አዘጋጁ መስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ ለሃያ ዓመት ማንም ያልተቀመጠበትን ጠረጴዛ ሰጧት። አንድ ቀን ደግሞ «የ‹ቀ› አጣጣልሽ የማውቀውን ሰው ያስታውሰኛል» አሏት። ከዚያ ወዲህ በእጇ መጻፍ ቀነሰች። ጋሼ የምትላቸው በአፏ ነው፤ በልቧ አንቱታውን ከነሳቻቸው ቆይታለች።

«ሽፋኑን ተዪው» አሉ አሁን። «እሱን ማተሚያ ቤት ሄጄ ራሴ ነኝ የማሠራው።»

ስሙን በወርቅ ሊያስጽፍ ነው፣ አለች በልቧ።

ዋና አዘጋጁ የኦቨርን ገጽ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ፈረሙ። «አደራ፣ ስህተት እንዳይኖር። የሚዋረደው የመጽሐፉ ባለቤት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ከፊርማቸው በላይ ሁለት መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀችና በየትኛውም አገር እንግሊዝኛ ውስጥ የሌለ ትርጉም ጨመረችበት።

«32. የሌላውን ድካም ዘርፎ በራስ ስም ማሳተም። ምሳሌ፦ የዚህ መጽሐፍ ባለቤት የባልደረባውን ሥራ ኦቨር አደረገው።»

ማተሚያ ቤት ያለውን ገጽ አቀናባሪ፣ በየቃሉ እየቆመ ስለሚናገር፣ ነጠላ ሰረዝ ይሉታል።

«ይህቺ መስመር፣ አዲስ፣ አይደለችም?»

«ተዘልላ ነው። ጋሼ ፈርመውባታል፣ እየው።»

«እሳቸው ከፈረሙ፣ እኔ፣ ምን ቸገረኝ።»

አዲሱ እትም በሚገመገምበት ቀን መጻሕፍቱ እንደታሸጉ ወደ አዳራሹ ገቡ። አሥራ ሁለት ምሁራን ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። እሷ አዲስ ጫማዋን አድርጋ ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ዘበኛ አጠገብ ቆመች። ሳቃቸውን በገዛ ጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

ዋና አዘጋጁ ከዘራቸውን እየተደገፉ መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስያዟት።

«የመጀመሪያው ቅጂ ያንቺ ነው። ዘግይቷል፤ ይቅር በዪኝ።»

መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት።

«ትልቁን ቃል ማንም ይተረጉመዋል» አሉ ከውስጥ አንድ አዛውንት። «እስቲ ትንሿን፣ ኦቨርን፣ ከነምሳሌዋ አንብቡልን።»

አንድ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ወፏ በረረች። ሌባው አጥሩን ዘለለ። ሃያ ላይ አንዱ «ግሩም ነው» አለ። ሃያ ስድስት ላይ ሌላው አጨበጨበ። እሷ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇ ሥራ ቢፈታ፣ ጋዜጣውን ከጥጉ ቀደድ ቀደድ አደረገችው።

«ሠላሳ አንድ» አለ አንባቢው።

ጋዜጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቷ።

«ሠላሳ ሁለት» አለ አንባቢው፣ ዘበኛውም በሩን ዘጋው።