ናና የሌለበት ሾርባ

ኤርሜሊንዳ ጭልፋውን ከድስቱ አውጥታ ሳህኑ ላይ ልትገለብጠው ስትል ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው የውጭ አገር ልጅ፣ «እማማ፣ ናናውን መጨረሻ ላይ ያድርጉልኝ። በቢላ ሳይሆን በመዳፍዎ አሽተው» አለቻት።

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ኤርሜሊንዳ በኡሩባምባ ከተማ ገበያ ሾርባ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተራራውን ናና በመዳፍሽ አሺልኝ ብሎ ያዘዛት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጇ ኤድልቤርቶ። እሱም ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ እስፔን ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በየበዓሉ ይደውላል። መቼ ነው የምትመጣው ስትለው ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚመጣው ዓመት ይላታል። እሷም ከጊዜ ብዛት፣ ልጄ በአገሩ አፍሯል፣ እኔንም ረስቶኛል ብላ ደምድማለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሆዷ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ልጅቷን ደህና አድርጋ አየቻት። ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። ፀሐይ አፍንጫዋን ልጦታል፤ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታለች። ከጎን ጭማቂ የምትሸጠው ካሲልዳ፣ የሰው ወሬ ካልሰማች ብርቱካን የማይጨመቅላት ሴት፣ አንገቷን አሰገገች።

«ደንበኛዬ፣ ከጤና ቢሮ ነሽ እንዴ? ንገሪንና ሳህኑን ደግመን እንጠበው።»

ልጅቷ ሳቀች። ስሟ ኔሬያ እንደሆነ፣ ከእስፔኗ ከተማ ከቢልባኦ እንደመጣች፣ የምትበላው ግን ለራሷ ብቻ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። አንድ ሰው ሰባት ነገር ጽፎ ሰጥቷት፣ እሷ ከከተማ ከተማ እየዞረች ትቀምስለታለች። ሊማ ላይ እሳት ያልነካው፣ በሎሚ የበሰለ ዓሣ በልታለች። አሬኪፓ ላይ ሥጋ የተሞላ ቃሪያ አስለቅሷታል። ትናንት ደግሞ ደጁ ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለበት ቤት ገብታ የበቆሎ ጠላ ስትጠጣ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ለመሬት ማፍሰስ ረስታ ሽማግሌዎቹ ተቆጥተዋታል። የቀመሰችውን ሁሉ ትጽፍለታለች። ካሲልዳ፣ ሰውየው ጥርስ የለውም ወይ፣ ራሱ መጥቶ አይበላም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ከእስፔን መውጣት አይችልም» አለች ኔሬያ። «የመኖሪያ ወረቀት የለውም። አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት የለም። ለእናቱ ግን ይህን ነግሯት አያውቅም፤ ሥራ በዛብኝ ነው የሚላት። ስሙን እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ኤርሜሊንዳ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው። አሥራ አንድ ዓመት ይዛው የኖረችው ቅያሜ እዚያው በቆመችበት ጥሏት ሄደ። ስሙን ልትጠራው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ልጇ ያስማለውን መሐላ እሷ አታስፈርስም። በዚያ ፋንታ ጎንበስ ብላ ከጆንያው አንድ ድንች አወጣችና ከቢላ ጋር ሰጠቻት።

«ሾርባው ትንሽ ይቀረዋል። እስከዚያ ይህን ላጪልኝ።»

ካሲልዳ የያዘችውን ብርቱካን አስቀመጠች። ድንቹ ምራት አስለቃሽ የሚባለው ነው፤ ሁለመናው ጉብታና ጎድጓዳ። አማት ለልጇ ሙሽራ የምትሰጠው እሱን ነው። ልጣጩ ከወፈረ ወይ አንዲት ጉብታ ከተቆረጠች፣ ሙሽራዋ ወደ መጣችበት።

«አንቺ ኤርሜሊንዳ፣ ኧረ እግዜርን ፍሪ» አለች ካሲልዳ። «እንግዳ እኮ ናት።»

ኔሬያ ድንቹን አገላብጣ አየችው። ቢላውን አስቀምጣ ማንኪያ አነሳችና በጠርዙ እያንዳንዱን ጉብታ እየዞረች ፋቀችው። ልጣጩ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ሳስቶ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ አንዲትም ጉብታ አልተነካችም። ኤርሜሊንዳ ማን አስተማረሽ አለቻት።

«እሱ ነዋ። እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ድንች የለም። ዝንጅብል እየገዛ አንድ ወር ሙሉ አስላጠኝ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ይህን የመሰለ ነገር ትሰጥሻለች፣ እንዳታሳፍሪኝ አለኝ። ሲያላግጥ መስሎኝ ነበር።»

ኤርሜሊንዳ ድንቹን ተቀብላ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው፤ ጀርባዋንም ሰጥታቸው ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። ረስቶኛል ያለችው ልጅ ለካ ባሕር ማዶ ሆኖ ምራት ሲያሠለጥንላት ከርሟል።

ድንቹ እስኪበስል ኔሬያ ስለ ወረቀቱ አወራች። ጠበቃው አንድ ዓመት ታገሥ ይለዋል፤ እሱ ግን መጠበቅ ሰልችቶታል።

«ሰባቱንም ከቀመስሽልኝ ናፍቆቴ ይወጣልኛል ይላል። ከዚያ በኋላ መናፈቄን እተዋለሁ፣ ወጥቶ መግባት የሚያስችለኝን የመኖሪያ ወረቀት ማመልከቻም እተወዋለሁ ይላል። ይኸው፣ የቀረኝ የእርስዎ ሾርባ ብቻ ነው።»

ደብተሯ ውስጥ ያለውን የሰባቱን ነገር ዝርዝር አሳየቻት። ስድስት መስመሮች ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ሰባተኛው ላይ ገና አልተደረገም። የኤድልቤርቶ ጽሕፈት ዛሬም ወደ ግራ ይጋደማል። እዚህች ጋ ምልክት ሲደረግ ልጄ ጨርሶ ቀረ ማለት ነው፣ አለች ኤርሜሊንዳ በልቧ።

ሾርባውን ቀዳች። የበጉን ሥጋ፣ በውርጭ የደረቀውን ድንች፣ ከላይ ደግሞ ምራት አስለቃሹን አደረገች። ናናውን ከእስሩ ቀንጥሳ በሁለት መዳፏ አሸችው። ሽታው ሲወጣ ኔሬያ ዓይኗን ጨፍና ወደ ሳህኑ አጎነበሰች።

ኤርሜሊንዳ እጇን ሳህኑ ላይ እንደዘረጋች ቆየች። ከዚያ ናናውን ጨብጣ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ዛሬ ናና የለም» አለች። «እንደዚያ ብለሽ ጻፊለት። ሾርባው እንደ ድሮው አይደለም፣ አንድ ነገር ይጎድለዋል በይው።»

ኔሬያ ኪሱን አየች፣ የኤርሜሊንዳን ፊት አየች። እስኪሪብቶዋን አንስታ የተባለችውን ቃል በቃል ጻፈች፤ ሰባተኛው መስመር ላይ ግን ምልክት አላደረገችም። ከዚያ ሾርባውን እስከ ጭላጩ በላችው። ኤርሜሊንዳ እጇን ከኪሷ ሳታወጣ ቆማ ታያታለች፤ ናናው መዳፏ ውስጥ ሞቋል።