የጤናዬ ድስት

ወለተ ሰንበትን ልጅ አልባ ያደረገቻት ሸክላ ሠሪዋ ጤናዬ ናት። ይጁቤ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የማታውቀው ጤናዬ ብቻ ናት።

የወለተ ሰንበት ልጅ ድረስ ጣሊያንን ሸሽቶ ወደገባበት ዋሻ የሚወስደውን መንገድ የምታውቅ እናቱ ብቻ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ ሽሮ የወሰደችለት፣ ጤናዬ በሰጠቻት አዲስ ድስት ነው። በእጁ አስጨብጣው፣ ሲበላ እንኳ ሳታየው እየሮጠች ተመለሰች። ድረስ፣ የአገሩ ሰው ሳያይ ተይዞ፣ ማርቆስ ገበያ መሃል ተሰቀለ። ሬሳውን ከለከሏት።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው የክርስትና አባቱ ቢተው ነው። ጣሊያን በሰጠው የጭቃ ሹምነት ገና አዲስ ነው፤ ካፖርቱም እንደዚያው።

«አይ አበልጄ፣» አላት እያቀፋት፣ «የዚያን ድስት ክዳን እንኳ ሳይከፍት ያዙት እኮ። ከቡዳ እጅ የወጣ ዕቃ እንዴት ይላካል?»

ወለተ ሰንበት ሙሾዋን ከመሃል አቋረጠች። ቀና ብላ አየችው።

ለቀስተኛው ግን ዞሮ ያየው ጤናዬን ነው። ምን ያድርግ፤ ጣሊያንን ማየት ያስፈራል፣ ሸክላ ሠሪ ማየት አያስፈራም።

ከዚያ ወዲህ ለጤናዬ እሳት የሚያውሳት ጠፋ። ድስቷን የሚገዛትም። ከሰው ሁሉ ቤቷ ገብታ ውሃ የምትጠጣላት ወለተ ሰንበት ብቻ ነበረች፤ አሁን እሷም በደጇ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነው። ጤናዬን የገደላት ይኸኛው ነው። የቀረውን ለምዳዋለች።

አንድ እሑድ ወለተ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደቀች። ልጁን በልታ እናቱን ጀመረች ተባለ። ቤቷ አስገብተው፣ ቆዳ አልብሰው፣ ሥር አጨሱባት። የተበላ ሰው ጭስ ሲታጠን የሚናገረው እሱ አይደለም፤ የበላው ነው፣ በገዛ ስሙ። ስሙ የተጠራ ይግባኝ የለውም።

ጤናዬን ከነልጇ ከማንጠግቦሽ እየጎተቱ አመጧት።

«የጤናዬ ስም ከተጠራ ቤቷ ዛሬውኑ ይቃጠላል፣» አለ ቢተው።

«ዓይንሽን ወደ ግድግዳው መልሽ!» አለቻት ጎረቤቷ ዘሪቱ።

«ግድግዳውን ብበላውስ?»

ማንም አልሳቀም። ጤናዬም ራሷ አልሳቀችም። ወደ ቢተው ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጌታዬ፣ እኔን እንዳሻዎ። ልጅቷን ብቻ ከአገር አያስወጡብኝ። የት ትገባለች?»

ቢተው ጭሱን በካፖርቱ ጫፍ ወደ ወለተ ሰንበት ያራግባል።

ወለተ ሰንበት ሳለች። ቆዳውን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ዓይኗን ገለጠች፤ ዓይኗም ጤናዬ ላይ አረፈ። አልነቀለችውም። ጤናዬ ያንን አንገት ደፍታ ማለፏን አስታወሰችና ተስፋዋ ተቆረጠ። ማንጠግቦሽን በቀሚሷ ሸፈነቻት።

ቢተው ጎንበስ አለ። «ማነሽ? ድረስን የበላሽ ማነሽ? ሰው ሁሉ ይስማ፣ ተናገሪ!»

ወለተ ሰንበት ዓይኗን ከጤናዬ አነሳች።

«የክርስትና ልጄን፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት የበላሁት፣ እኔ ቢተው ነኝ።»