የተዋስነው የሬሳ ሳጥን

«አቁሙ» ትላለች ልጄ ኦብዱሊያ፣ ገና እግሯ ደጃፉን ሳያልፍ። ጎረቤቶቻችን እንደገና ስቀዋል። ዶኛ ታዴያ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አሁን ምን አደረግኩ? ገባሁ እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?»

«ምንም አላደረግሽም የኔ ልጅ» ትላለች ታዴያ እንባዋን እየጠረገች። «ፊትሽ እኮ ነው። ሳይሽ ያቺ ወላቃ ትመጣብኛለች። ምን ልሁን?»

ወላቃዋ ልጄ ናት። የፊት ጥርሷን ጥቁር ቀብታ በቴሌቪዥን አገሩን ስታስቅ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ሜክሲኮ ሲቲ ታክሲ ስትሳፈር ሹፌሩ መጀመሪያ ጥርሷን ነው የሚያየው። ቅዱስ ቁርባን ልትቀበል ተሰልፋ እንኳ ከኋላዋ የሚንሾካሾክ አይጠፋም። አሁን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ እየመራች፣ የራሷን ፊልም ትሠራለች። የሚያስቅ ሞልቶበታል። ይህችን አንዲት ቦታ ብቻ ግን ማንም እንዲስቅባት አትፈልግም። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት አርፍዳ የአባቷ ለቅሶ ላይ ትደርሳለች። ትገባለች፣ ሳጥኑን ታያለች፣ ትንበረከካለች። በቃ።

ለዚህ ነው ሳሎኔ መሀል ባዶ የሬሳ ሳጥን የተጋደመው። ከቀብር አስፈጻሚው ተውሰን ነው። እሱም ይኸው መጥቶ ግድግዳው ጥግ ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ።

«ሴኞራ ኦብዱሊያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳጥኑን ልወስድ ነው። የዳቦ ጋጋሪው እናት አርፈዋል። ረዘም ያሉ ሴት ናቸው፣ ሌላው አይበቃቸውም።»

«አንዴ ብቻ፣ በእናትዎ። ነገ የተዋስኩትን ካሜራ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያው ቴሌቪዥኑ ነው የሚጠብቀኝ፣ ከነጥቁር ጥርሴ።»

«እሺ አንዴ» ይላል። «እሳቸው እንኳ ይታገሱኝ ነበር። ልጃቸው ነው የማይታገሰኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። «እማዬ፣ አንቺም እባክሽ። ጸሎቱን ዝም ብለሽ አጉረምርሚልኝ። ድምፁን ነው የምፈልገው። አቁሙ ስል ደግሞ አቁሚ።»

«ጸሎት መሀል ላይ አይቆምም።»

«ፊልም ነው እኮ እማ።»

«ላንቺ ነው ፊልም። እመቤታችን ፊልም መሆኑን ማን ነገራት? በዚህ ከተማ ለስንቱ ሬሳ ጸሎት መርቼ፣ ዛሬ ለባዶ ሳጥን ላጉረምርም? ለመሆኑ ሟቹን ማን አልሽው?»

«ዶን ሴቬሮ።»

«ዶን ሴቬሮ የሚባል ሰው የለም። ለማን ነፍስ ነው የምጸልየው?»

እጇን ግንባሯ ላይ ትጭናለች። አባቷ ሲበሽቅ እንደዚህ ያደርግ ነበር። «የፈለግሽውን በይ» ትላለች። «የፈለግሽውን። ብቻ ጀምሪ።» ወጥታ በሩን ከኋላዋ ትዘጋዋለች።

ካሜራ የሚይዘው ሩቲሊዮ ካሜራውን ትከሻው ላይ ያወጣል። ታዴያ ካሁኑ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔን ሁሉም አናዶኛል፤ ልጄም፣ ታዴያም፣ ያ ጥቁር ጥርስም። አማትቤ መቁጠሪያዬን እይዛለሁ።

«ይህን ጸሎት» እላለሁ «ለኒካኖር ነፍስ እናሳርጋለን።»

ኒካኖር ባሌ ነው፣ የኦብዱሊያ አባት። የእሱም ሳጥን የተቀመጠው እዚሁ ሳሎን፣ እዚሁ ቦታ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ነበሩ ተቀምጠው ያለቀሱት። ልጄ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ፣ መድረክ ላይ ሰው ታስቅ ነበር። ስትደርስ ቀብረነው ነበር።

የታዴያ ትከሻ መንቀጥቀጡን ያቆማል። ኒካኖር ልጇን ክርስትና ያነሳላት ነው።

«ቅድስት ማርያም» እላለሁ።

«ለምኚለት» ይላሉ፣ ሳያስቡት። ለምኚልን አይደለም። ለምኚለት፣ ሬሳ ባለበት ቤት እንደሚባለው። ወንበሮቹ ይንቋቋሉ፣ ሰዉ ተራ በተራ ይንበረከካል። ቀብር አስፈጻሚውም ባርኔጣውን መሬት አኑሮ ይንበረከካል።

በሩ ይከፈታል። የልጄን ጫማ እሰማለሁ፣ ዞሬ ግን አላይም። ትንሽ ትራመድና ትቆማለች። ማንም አይስቅም። አቁሙ የምትለው እሷው ናት፤ እሷ ደግሞ አትልም። ቆይቶ ድምፅዋ ከሌላው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ከኋላዬ ይመጣል። ለምኚለት። ለምኚለት።

አሜን ካልን በኋላ ነው የምትነሳው። «ሩቲሊዮ» ትላለች። «ቀረጽክልኝ?»

ሩቲሊዮ እንደተንበረከከ ነው። ካሜራው ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሩቲሊዮ።»

«ዶን ኒካኖር እኮ ነው ያሉት» ይላል አንገቱን ደፍቶ። «ሁሉም ሲንበረከክ እኔ ብቻዬን እንደ ጅብራ ልገተር? እናቴ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ትለኛለች።»

ወንዶቹ ሳጥኑን ይዘው ይወጣሉ፤ ባዶ ነው፣ እነሱ ግን የከበዳቸው ይመስል ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት።

«አላጠፋሁትም ግን» ይላል ሩቲሊዮ ቀስ ብሎ። «ዝም ብሎ ሲቀርጽ ነበር።»

የካሜራውን ትንሽ መስኮት ወደ እኛ ያዞራል። ጎንበስ ብለን እናያለን። የሰው ፊት የለም። ጉልበት ብቻ ነው፣ ተደርድሮ፣ አጠገቡ መሬት ላይ ባርኔጣ። ከዚያ ከወዲያ በኩል ጫማ ይገባል። ይቆማል። እንደቆመ ይቆያል። ከዚያ ሁለት ጉልበት ከሌሎቹ መሀል ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የአንዱ እግር ስቶኪንግ ተተርትሯል። ጠዋት ቀይሪው ብያት ነበር።

ልጄ ከመጀመሪያው መልሳ ታየዋለች። ታዴያ ከኋላችን መጥታ አንገቷን በትከሻችን መሀል ታስገባለች። ሳቋን እጠብቃለሁ።

«ማናት ይቺ ምስኪን?» ትላለች።

ኦብዱሊያ እጇን ዝቅ አድርጋ የተተረተረውን ጉልበቷን ትሸፍናለች።