በር ያዡ

ባሮክ አዲስ በገባበት የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ ውስጥ ኳስ ይዞ ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም። አሰልጣኙ ግን ከእሱ ሌላ ነገር ፈለገ። ኳስ ወርዋሪው ከኋላ ቆሞ እስኪያነጣጥር ድረስ እየተንደረደሩ የሚመጡትን የተጋጣሚ ቡድን ግዙፎች በደረቱ እንዲያግድለት ነው። ባሮክ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ማምለጥ የለመደ ልጅ ስለሆነ፣ ግዙፍ ባየ ቁጥር ሳያስበው ዘወር ይላል።

“መንገድ ለቀህ ነው ሰው የምትጠብቀው?” ይለዋል አሰልጣኙ። “ጉልበትህን እጠፍ፤ እግርህን ትከል።”

በዚህ መሃል የእህቱ የህሊና ሰርግ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ እናቷ “የሙሽራ ወግ ነው” ብለው ነበር።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ የሴቷ ቤተሰብ እንደ ልማዱ ሙሽራዋ ያለችበትን ክፍል በር ለይስሙላ ያዘ። ባሮክ ከፊት ቆሞ ጉልበቱን አጠፈ። አንደኛው ሚዜ የያዘው አበባ ላይ ወደቀ። ሌላው ጓደኛውን ይዞ ወደቀ። እንግዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ።

“በቃ ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው” አሉት አጎቱ ጋሽ ተድላ።

“ትንሽ ያዝልኝ ወንድምዬ” አለችው ህሊና ከኋላው፣ በቀስታ።

ያዘላት። ሚዜዎቹ ሲደክሙ ዞር ቢል ክፍሉ ባዶ ነው። በተከፈተው መስኮት፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ህሊና ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ስትሮጥ አያት።

ሙሽራው በባሮክ ብብት ስር ሾልኮ ገባ።

“የት ሄደች?” አለው እያለከለከ።

ባሮክ ሄዶ መስኮቱን በሰፊው ጀርባው ጋረደው።